የነዒማ አፍንጫ

«ቤንዚን ይሸታል ትያለሽ? ቤንዚን የሚሸተው የወንድምሽ ባጃጅ ነው እንጂ የኔ ቅቤ አይደለም!»

ነዒማ የባሏን የሁዘይፋን ድምፅ የሰማችው ሱቁንና መኖሪያቸውን ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። ሽንኩርቱ ዐይኗን ያቃጥላታል፣ እንባዋን ያወርደዋል እንጂ አይሸታትም። ከተከተፈው አንድ ቁራጭ አንስታ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋች፤ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ እንደምታደርገው። ምንም የለም። ቁራጩን ወደ ሳህኑ መለሰችና ጆሮዋን ወደ ሱቁ ጣለች።

ከባንኮኒው ማዶ የቆመችው አቻን ነበረች። አቻን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሥልጠና ወይም ጉባኤ በተደረገ ቁጥር ምሳ በኮንትራት የምታበስል ሴት ናት፤ ትልልቅ ድስቶቿን በባጃጅ ጭና ካንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ስትዞር ትውላለች። ከእነ ሁዘይፋ ሱቅ ቅቤ መውሰድ ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል። በእነዚህ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ዋጋ ተከራክራ አታውቅም። ኪሎው አራት መቶ ብር ሲሆንም ወሰደች፣ ሺህ ሁለት መቶ ሲገባም «ኧረ ይሄ ምን ጉድ ነው!» ብላ ስቃ ወሰደች። ዛሬ ግን አትስቅም። በጨርቅ የተጠቀለለ የቅቤ ጣሳ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጣሳው ላይ ጭና ቆማለች።

«ሁዘይፋ፣ እኔ ለጠብ አልመጣሁም» አለች። «ብር መልስልኝም አላልኩም። ትናንት ሰባ ሰው ምሳውን ትቶ ተነሣ። የሥልጠናው አስተባባሪ ቆሻሻ ዘይት ጨምረሻል አለኝ። እኔ ቆሻሻ አይደለሁም። እስከ አራት ሰዓት ካላስረዳሽኝ ኮንትራቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለ። ገና አራት ቀን ይቀረኛል። አንተ ና፣ ቅቤው እኛ ጋ ነው የተበላሸው በለው። በቃ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሁዘይፋ ሳቀ። ሳቁ ለአቻን ሳይሆን በሩ ላይ ለተሰበሰቡት ነበር፤ ለባጃጅ ነጂዎቹና በረንዳው ላይ ሻይ ለምትሸጠው ሴት። «ሱቄን ዘግቼ ምስክር ልቁምልሽ? ቅቤውን ወስደሽ ከምን ጋር እንዳስቀመጥሽው እኔ በምን አውቃለሁ? ወንድምሽ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቤታችሁ ጄሪካን አይጠፋም። እናንተ ዘንድ ደግሞ ዕቃ ሁሉ አንድ ላይ ነው።» ሰዎቹ ሳቁለት። አቻን አልሳቀችም፤ እጇንም ከጣሳው ላይ አላነሳችም። ሁዘይፋ በዚህ ጊዜ፣ ሳቁ ገና ሳይበርድ፣ ወደ መጋረጃው ዞሮ ተጣራ።

«ነዒማ! ነይማ፣ አሽትተሽ ፍረጂን!»

የነዒማን አፍንጫ የጋምቤላ ገበያ ሁሉ ያውቀዋል። ቅቤ ከጎሬና ከመቱ በአይሱዙ ተጭኖ ወደዚህ ሙቀት ሲወርድ ብዙ ነገር ይደርስበታል፤ የአትክልት ቅቤ ይቀላቀልበታል፣ ላዩን ለጋ ሆኖ ሥሩ የከረመ ይሆናል፣ ከጎኑ የተጫነውንም ዕቃ ሽታ ይጠጣል። ስለዚህ ባልዲው ተከፍቶ ወስፌ እስከ መሐሉ ይሰካበታል፤ ወስፌው ሲመዘዝ አንድ ሰው ብቻ ያሸተዋል። ገዢ ባልዲ ላይ አጎንብሶ አያሸትም፤ በሰው ቅቤ ላይ መተንፈስ ነውር ነው። ያቺ አንዲት ሰው ነዒማ ነበረች። ሌሎች ነጋዴዎች፣ ከባሏ ጋር የማይስማሙት ሳይቀሩ፣ ሲጣሉ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ እሷ ይመጣሉ፤ «ደህና ነው» ካለች ደህና ነው፣ «መልሰው» ካለች ይመለሳል። ደግሞም የሱቁ በር የባጃጅ ተራ ስለሆነ መንገዱ ሁሌም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። በዚያ ላይ ቅቤ የጠጣውን ሽታ አፍረጥርጦ የሚያወጣው እሳት ሲነካው ነው፤ ቀዝቅዞ ባልዲ ውስጥ እንደተቀመጠ የሚለየው የለመደ አፍንጫ ብቻ ነው። የለመደው አፍንጫ ግን ሞቷል።

ከሁለት ወር በፊት ጉንፋን ቤቱን ሙሉ ጣለው። ልጆቹ በሦስት ቀን ተነሡ፣ አማቷ በሳምንት፣ ሁዘይፋ ሳልም አልያዘውም። ነዒማ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ተዋት፣ አንድ ቀን ጠዋት ግን አቼቶ ጠርሙስ ከፍታ ውሃ መሰላት። ለባሏ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀባት። በሳምንቱ አልሳቀም፤ በሩን ዘግቶ «ለማንም እንዳትተነፍሺ» አላት። ከዚያ ወዲህ ወስፌውን አፍንጫዋ ሥር ታስጠጋለች፣ ዐይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ከዚያ ቀለሙን አይታ፣ በጣቶቿ አሽታ፣ ባልዲው ከማን እንደመጣ ጠይቃ ትገምታለች። እስካሁን አልተያዘችም ነበር።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሁዘይፋ ከባንኮኒው ሥር ባልዲውን አወጣ። «ትናንት ጠዋት ከዚህ ነው የሰጠኋት» አለ። ወስፌውን ራሱ ሰክቶ፣ መዝዞ፣ ሰጣት። ዐይኖቿን አየ። ነዒማ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ እንግዳ ፊት ብር ሲያንስ «ነገ እንሰጣለን በይ» የሚላት አስተያየት ነው። አቻንም ታያታለች። አቻን ፊት ላይ ተስፋ ነበር። ስድስት ዓመት ያመነችውን አፍንጫ ነው የምታየው።

ነዒማ ወስፌውን አስጠጋች። ተነፈሰች። ብረትም፣ ቅቤም፣ ቤንዚንም የለም። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አላውቅም ማለት ትችል ነበር። አላሸትም ማለት ትችል ነበር። ምላሷ ግን ሁለት ወር የለመደውን ተናገረ።

«ደህና ነው።»

አቻን እጇን ከጣሳው ላይ አነሣች። «አንቺ ነሽ ደህና ነው ያልሽው?» አለች። ነዒማ ወስፌውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። አቻን ጣሳዋን አንስታ፣ በሰዎቹ መሐል አልፋ ወጣች፤ አንዱ ባጃጅ ነጂ ከኋላዋ አፍንጫውን ይዞ ሰዎቹን አሳቀ። ሁዘይፋ ቀዝቃዛ ውሃ ከፍሪጅ አውጥቶ ለሚስቱ ሰጣት። «አንበሳ!» አላት። ውሃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ተናድዳለች። በማን እንደተናደደች ግን ገና አልለየላትም ነበር።

ነጠላዋን አድርጋ ስትወጣ «ወዴት?» አላት። «ሐኪም ቤት።» «ለጉንፋን?» አለና ትከሻውን ነቀነቀ። «ዞር ብለሽ ነይ እንጂ ለማንም አታውሪ። ከሰዓት ጋትሉዋክ ከማታር ይመጣል፤ ስድስት ባልዲ ይወስዳል፤ አንቺ ሳታሸችለት አይገዛም።» አልመለሰችለትም።

ሐኪም ቤቱ ከድልድዩ ወዲህ ያለ ሁለት ክፍል የግል ክሊኒክ ነው። ካርድ መቶ ሃምሳ ብር። ከበሩ ውጭ ያለው አግዳሚ በሕፃናትና በእናቶች ሞልቷል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ አያበርድም። ጋምቤላ ውስጥ ወገብህን አሞህ ብትሄድም ጥርስህን አሞህ ብትሄድም መጀመሪያ ጣትህ ይወጋል፤ የነዒማም ጣት ተወጋ፣ ወባ የለብሽም ተባለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋትዌች የሚባል የጤና መኮንን አስገባት። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ሳይሆን እሷን እያየ ያዳምጣል። አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ከፍቶ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋላት፤ አልኮል ነበር፤ አፍንጫዋን ቆጠቆጣት እንጂ አልሸተታትም።

«እህቴ፣ የታመመው አፍንጫሽ አይደለም» አላት። «ከአፍንጫ ወደ አእምሮ ሽታ የሚወስደው ነርቭ ነው። ሰው ጉንፋን ብሎ ይንቃል። ጉንፋን ቫይረስ ነው። ሁልጊዜ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም፣ አንዳንዴ ነርቭ ይነካል። አንዱ ሰው ፊቱ ይጣመማል። አንዱ እግሩ ይደክማል፣ መቆም ያቅተዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ሕፃን ከጉንፋን በኋላ እያንቀጠቀጠው መጣ፣ አንጎሉ ተቆጥቶ ነበር። አንቺ የሄደብሽ ሽታ ብቻ ነው። አንቺ ዕድለኛ ነሽ።»

ነዒማ ደሟ ፈላ። «ዕድለኛ?» አለች። ድምፅዋ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አስደነገጠ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ የምበላው በአፍንጫዬ ነው! ልጆቼ የሚማሩት በዚህ ነው! ዛሬ ጠዋት በዚህ በሞተ አፍንጫ አንዲት ሴት ላይ ፈርጄ ነው የመጣሁት፤ ዕድለኛ ትለኛለህ?»

ጋትዌች እስክትጨርስ ጠበቃት። «ይቅርታ» አላት። «ልክ ነሽ። ዕድል አይደለም።» በሁለት ወር ውስጥ ይቅርታ ያላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ የመጀመሪያው ሰው ባዳ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ከዚያ ወረቀት ወስዶ ጻፈላት። ጠዋትና ማታ አራት ነገር እንድታሸት፦ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ባይሸታትም ሽታውን እያስታወሰች፣ ሳትሰለች፣ ለወራት። «ሊመለስ ይችላል። ስድስት ወር፣ ዓመትም ይፈጅ ይሆናል። ላይመለስም ይችላል። እኔ አልዋሽሽም።» ወረቀቱን ከሰጣት በኋላ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የማያሸት ሰው እሳትም ቢነሣ ጭሱ አይሸተውም። የተበላሸ ምግብ አያውቅም። ራስ ምታት አለሽ?»

«ማታ ማታ አለኝ። ዐይኔንም ይቆጠቁጠኛል። የጉንፋኑ ትራፊ ነው ብዬ ነው።»

«ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ጉንፋንሽ ሁለት ወር፣ ራስ ምታትሽ ሦስት ሳምንት። ቤትሽ ውስጥ ጋዝ ወይም ቤንዚን አለ?»

«የለም» አለች ቶሎ ብላ። «ቅቤ ነጋዴ ቤት ቤንዚን ምን ይሠራል?» ከአፏ ሲወጣ ራሷንም አላሳመናትም። ሐኪሙም ሌላ አልጠየቃትም።

በባጃጅ ስትመለስ ሥልጠናው በሚሰጥበት አዳራሽ በር አለፈች። የአቻን ድስቶች ከማንጎው ዛፍ ሥር ተደርድረዋል፤ አንዱ በአፉ ተደፍቷል። ሌላ ሴት የራሷን ድስት ለአራት ሰው አሸክማ ወደ ውስጥ ታስገባለች። አቻን ከድስቶቿ አጠገብ ባዶ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ፣ አገጯን በእጇ ይዛ መንገዱን ታያለች። ነዒማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ባጃጁን አቁም አላለችም። ራሷን በዚያች ቅጽበት እንደጠላችው ማንንም ጠልታ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ አማቷ እማ ሰውዳ ግቢው ውስጥ በጥላው ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እማ ሰውዳ ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ደግ ሴት ናቸው፤ ልጃቸውን ግን ይፈሩታል። ነዒማ ጫማዋን ሳታወልቅ ከፊታቸው ቆመች።

«እማ፣ ስቶሩ ይሸታል እንዴ?»

እማ ሰውዳ ቀና አላሉም። አንዲት ጠጠር አንስተው ወረወሩ። ሌላ ጠጠር ፈለጉ። ጎረቤት ራዲዮ ተከፍቷል፣ ዶሮ ትጮኻለች፣ ምስሩ ትሪው ላይ ይንሸራተታል። ነዒማ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ባሏ ሲያመሽ፣ ወንድሙ ብር ሲወስድ፣ ይሄው ዝምታ ነው ከዚህ ትሪ ላይ የሚወጣው። ዛሬ ግን አልተነቃነቀችም።

«እማ፣ እየጠየቅሁዎ ነው።»

«ያው ከባልሽ ጋር ብትነጋገሩበት ነው የሚሻለው» አሉ አሮጊቷ።

«ቤንዚን ነው?»

«ነዳጅ ጠፋ ጊዜ ነው ያመጣው። ለባጃጆቹ ይሸጥላቸዋል። እኔ እኮ ነግሬዋለሁ፣ ወላሂ ነግሬዋለሁ። ከምግብ ጋር አይሆንም ልጄ አልኩት። ለነዒማ እንዳትነግሪያት፣ እሷ እንደሆነ አይሸታትም አለኝ።»

«እሷ እንደሆነ አይሸታትም።» ነዒማ ቃሉን ደግማ አለችው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

«ልጆቼ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው የሚተኙት፣ እማ።»

«ማታ ማታ መስኮቱን የምከፍተው ታዲያ ለምን መሰለሽ?» አሉ እማ ሰውዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። «እነሱም ይሸተናል ይላሉ። ዝም በሉ እላቸዋለሁ። ምን ላድርግ?»

ነዒማ በአጠገባቸው አልፋ ሄደች። ስቶሩን ከፈተች። መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ከፊት የፉርኖ ዱቄት ጆንያ ተደርድሯል፣ ከጎን ጨውና ሳሙና። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ጎትታ አወረደች፤ ወገቧ ተንቋቋ፣ ላቧ ወረደ። ከጀርባው ስምንት ቢጫ ጄሪካን ቆሟል። የአንዱ ክዳን አልገጠመም፤ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ረጥቧል። ከጄሪካኖቹ ጋር ተጠጋግተው የቅቤ ባልዲዎቹ ተቀምጠዋል። እርጥቡን በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ምንም የለም። ዐይኗን ግን ቆጠቆጣት። የማታ ማታውን መቆጥቆጥ አወቀችው። ይህን ሁሉ ሌሊት ቤንዚኑ በራሷ ግድግዳ ሥር ተኝቶባት፣ እሷ የበሽታ ትራፊ ነው እያለች ሎሚና ዝንጅብል ስትጠጣ ነበር። ባሏ ያሸታል። አማቷ ታሸታለች። የሰባት ዓመት ልጇ እንኳ ታሸታለች። በዚህ ቤት ውስጥ ያልነቃችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሕመሟን እንደ ቁልፍ ተጠቅመው በላይዋ ቆልፈውባታል።

ጠዋት ደግሞ ያንን ባልዲ ከባንኮኒው ሥር ያወጣው እጅ ምን እንደያዘ ያውቅ ነበር። ስቶሩን በከፈተ ቁጥር ሽታው በራሱ አፍንጫ ይገባል። የጠራት ስለማታሸት ነው። ድሮ ቢሆን አይጠራትም ነበር። ነዒማ ጄሪካኑ አጠገብ ቆማ በማን እንደተናደደች በመጨረሻ ለየላት፤ በባሏ ተናደደች፣ በአማቷ ተናደደች፣ «ደህና ነው» ባለች ምላሷ ተናደደች። ጮኻ አላለቀሰችም። ጄሪካኖቹን ሁለት ሁለት አድርጋ ወደ ግቢው አውጥታ ከአጥሩ ጥግ ደረደረቻቸው። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ሱቁ ሄደች።

ጋትሉዋክ ደርሷል። ከማታር በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የሚመጣ ነጋዴ ነው፤ የትከሻ ጨርቁን ከጎኑ አስቀምጦ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ስድስት ባልዲ ክዳናቸው ታሽጎ ከፊቱ ተደርድሯል። ሁዘይፋ ሚስቱን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይኸውልህ መጣችልህ! ነዒማ፣ አንዱን ከፍተሽ አሽችለት፣ መንገድ ይረፍድበታል።» ዝቅ ብሎ በጆሮዋ ደግሞ «ማታር ድረስ ሄዶ ማን ይመልሰዋል» አላት፤ እንደ ቀልድ ነው ያለው።

ነዒማ ባልዲውን ከፈተች። ወስፌውን እስከ መሐሉ ሰካችው። ሁዘይፋ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እሷ ግን ወስፌውን ወደ አፍንጫዋ አላስጠጋችም። በማንኪያ ከባልዲው መሐል ሞልታ ዛቀችና ከሱቁ ወጥታ ወደ ሻይ ሻጯ ምድጃ ሄደች።

«እስቲ መጥበሻሽን አውሺኝ» አለቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ሁዘይፋ ተከትሏት።

«ላሽት ነዋ። አሽችለት አላልከኝም?»

ቅቤው መጥበሻው ላይ ተንሸራተተ፣ ጠርዙ ቀለጠ፣ ተንጨረጨረ። ነዒማ ለራሷ የሚታያት ቢጫ አረፋና ቀጭን ጭስ ብቻ ነበር። ስለዚህ መጥበሻውን ትታ የሰዎቹን ፊት ማየት ጀመረች። መጀመሪያ ሻይ ሻጯ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ጠዋት አቻን ላይ የሳቀው ባጃጅ ነጂ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ አሁን አፍንጫውን የያዘው ለቀልድ አልነበረም። ጋትሉዋክ ከጆንያው ላይ ተነሥቶ መጣ፣ አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ አሳለው። ሽታውን ከፊታቸው ላይ አነበበችው፤ ከራሷ አፍንጫ ይልቅ ግልጽ ነበር።

«ይሄ ቤንዚን ነው» አለ ጋትሉዋክ። «ሁዘይፋ፣ ይሄን ነው ለኔ ልጆች የምትጭንልኝ?»

ሁዘይፋ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ነዒማ የጠበቀችውን ነገር አደረገ፤ እየጠበቀችውም አመማት። ጣቱን ቀሰረባት። «ጠዋት ይሄንኑ አሽትታ ደህና ነው ያለችው እሷ ናት! እናንተም ሰምታችኋል! እኔ በሷ አፍንጫ ነው የምሠራው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እውነቱን ነው» አለች ነዒማ። መጥበሻውን ከምድጃው ላይ አወረደች። «ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። ጉንፋኑ ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሁለት ወር ሙሉ ስዋሻችሁ ነበር፤ ከኔ ቤት ቅቤ የገዛችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ። አንተ ግን ታሸታለህ፣ ሁዘይፋ። አንተን ምንም አልነካህም። ሦስት ሳምንት አሽትተህ ነው የምትሸጠው፣ ሦስት ሳምንት አሽትተህ ነው ልጆችህን ከቤንዚንህ አጠገብ የምታስተኛው። የጠራኸኝ አፍንጫዬ ስለሞተ ነው። ደህና ቢሆን አትጠራኝም ነበር።»

የባጃጅ ሞተር ይንተፋተፋል። «ቤንዚኑን ግቢ ውስጥ አውጥቼዋለሁ» አለች። «ዛሬ ከዚያ ቤት ካልወጣ ልጆቼን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ።» ጋትሉዋክ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። ባልዲዎቹን አልነካም። ሲያልፍ ነዒማን ትንሽ አያት፤ «እኔ የምገዛው ባንቺ ነበር» አላትና ሄደ። ሌላ አልጨመረም። የሱቁ እንጀራ አብሮት እንደሄደ ሁዘይፋም፣ እሷም፣ ሻይ ሻጯም ያውቃሉ።

ነዒማ መጥበሻውን አመስግና መለሰች፤ ከዚያ አዳራሹ ድረስ በእግሯ ሄደች። አስተባባሪው ወጣት ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ በትዕግሥት ሰማት። ጥፋቱ የአቻን አለመሆኑን ስላስረዳችው አመሰገናት። ኮንትራቱ ግን ለሌላ ሰው ተፈርሟል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ እናስባታለን አላት። «ለሚቀጥለው» ሲል ስልኩን እያየ ነበር።

የአቻን ቤት ባሮ ወንዝ ዳር ነው። ፀሐይ ዘቅዝቃለች፤ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ። አቻን ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታ ትልቁን ድስት በአሸዋ ትፈትጋለች። ነዒማን አየቻት፣ መፈተጓን ግን አላቋረጠችም። ነዒማ ዳር ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ጉንፋኑ፣ ስለ ነርቩ፣ ስለ ጄሪካኖቹ፣ ስለ መጥበሻው፣ ጋትሉዋክ ስላለው፣ አስተባባሪውም እውነቱን እንደሰማ። አቻን ድስቱን ገልብጣ ውጭውን መፈተግ ጀመረች።

ነዒማ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። ሁለተኛውን ድስት ያዘች፣ አሸዋ ዘገነች። አቻን መጥታ ድስቱን በቀስታ ከእጇ ወሰደችው። አልጮኸችባትም። ፊቷም ላይ ጠብ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ፊት ነበር።

«ሽታ ስለሄደብሽ አዝናለሁ» አለች አቻን። «እግዚአብሔር ይመልስልሽ። አሁን ግን ሂጂ። እኔ አንቺን የፈለግሁት ጠዋት ነበር።»